የአለት ቀብር

ስልኩ ሲጮህ መነጽር ሠሪው የአንድ ደንበኛ ሌንስ ጠርዝ እየሞረደ ነበር። እንዲህ ያለ ሥራ ላይ ሳለ ስልክ አያነሣም፤ ሌንስ ለአፍታ ከዘነጉት ይሰነጠቃል። ግን ጥሪው ቆሞ እንደገና ጀመረ፤ ቆሞ እንደገና ጀመረ። ሌንሱን ጨርቅ ላይ አሳረፈና ጣቶቹን በሽርጡ ጠርጎ አነሣው።

"መነጽር ቤት ነው፣ ምን ልታዘዝ?"

"ፊውዝ ነህ?" አለች አንዲት ሴት።

መነጽር ሠሪው ደነገጠ። ፊውዝ በጽሑፍ ብቻ የኖረ ስም ነው። ሰው በአፉ ሲጠራው ሰምቶ አያውቅም። ገላውን እየታጠበ ሳለ መጋረጃውን የገለጡበት ያህል አፈረ።

"ነኝ" አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

"እግዜር ይስጥልኝ ወንድሜ" አለች። ስታለቅስ የቆየች ሴት ድምፅ ነው፤ ሻክሯል። "ቁጥርህን ከጽሑፍህ ግርጌ ነው ያገኘሁት። ስለ አለት የጻፍከውን ደጋግሜ አነበብኩት። 'ለእውነት ሲል ከራሱም ጋር ቢሆን የሚጣላ ሰው ነበር' ያልከውን። እንዲህ አድርጎ የሚያውቀው ወዳጅ እንዳለው አልነገረኝም። እህቱ ነኝ። የምኖረው ባሕር ማዶ ነው፤ ምንም ባደርግ ለቀብሩ አልደርስም። የት እንዳረፈ ብቻ ንገረኝ።"

መነጽር ሠሪው ክው አለ። ሞረዱ ባዶውን እየተሽከረከረ ያፏጫል፤ እጁን ሰዶ ማጥፋት እንኳ አልሆነለትም።

የሽቦ ሸንጎ የሚባል የውይይት መድረክ አለ። በር የለው፣ ጣራ የለው፤ ያለው ስልክና ኮምፒውተር ውስጥ ነው። አባላቱ በዓይን አይተዋወቁም። በቅጽል ስም እየተጠራሩ፣ አዲስ ስልክ ወይም አዲስ ባትሪ ወይም አዲስ ፕሮግራም ወጣ በተባለ ቁጥር ይነታረካሉ። ጠዋት ስለ ካሜራ የተጀመረው ክርክር ከምሳ በፊት ስለ ሰው አስተዳደግ ሆኖ ያርፈዋል። ነገርን ነገር ያነሣዋል እንዲሉ።

ይህ ሸንጎ ሌላ ቦታ የሌለ አንድ ደንብ አለው፤ ቀብር ይሉታል። አንዱ "ይህ ከቶ አይሆንም" ብሎ ሲሟገት ቆይቶ በማስረጃ ከተረታ፣ ረቺው የሞት ማስታወቂያ ይጽፍለታል። ማስታወቂያው ቀልድ መምሰል የለበትም። እንደ እውነተኛ መርዶ አምሮና አሳዝኖ ይጻፋል፤ ባማረ ቁጥር ተረቺውን ያንገበግበዋልና። አባላቱም ከሥሩ የሻማ ሥዕል እየለጠፉ "ነፍስ ይማር" ይላሉ። የሳቀ ተረኛው ሟች እሱ ነው። ሟቹ ደግሞ እስከ ሳምንቱ መጨረሻ ስልኩን አጥፍቶ ዝም ማለት አለበት፤ ሙት አይናገርም። አብዛኞቹ ሟቾች በሌላ ስም ተመልሰው ሲያጮልቁ ይያዛሉ። አለት ግን ከነዚያ አይደለም፤ አጠፋለሁ ካለ ያጠፋል።

አለትና ፊውዝ የተጣሉት በአንድ ዜና ነው። የሰውን ንግግር ጥቂት ሰምቶ በዚያው ሰው ድምፅ ያሻውን የሚናገር ፕሮግራም መሠራቱ ተወራ። አለት እንደ ስሙ አልነቃነቅ አለ። "ማሽን ቃል ይኮርጃል እንጂ ሰው አይኮርጅም። እናት የልጇን ድምፅ ትለያለች፤ አለቀ" ብሎ ጻፈ። ፊውዝም፣ "ጆሮ እንደ ዓይን ይሳሳታል። ለሚሳሳት ዓይን መነጽር እየሠራሁ ነው የምኖረው" ብሎ መለሰ። እስከዚህ ደህና ነበር። ከዚያ አለት፣ "ፊውዝ ማለት ትንሽ ሲያሞቁት የሚቃጠል ዕቃ ነው፤ ስምን መልአክ ያወጣዋል" አለ። ፊውዝም፣ "አለት ነኝ ይላል እንዴ? ጠጠር ነው እንጂ፤ ጫማ ውስጥ ገብቶ ሰው ያነክሳል" አለ። ሸንጎው በሳቅ ፈረሰ። በመጨረሻ አለት በዚያ ጎርናና ድምፁ ቀድቶ አንድ መልእክት ላከ፦ "ወንድሜ፣ ቤትህ የሚያናግርህ ሰው የለም መሰለኝ፣ እኛ ላይ ተለጥፈህ የቀረኸው።"

እንዲያው በጨለማ የወረወረው ድንጋይ ነበር። ግን መነጽር ሠሪው ሚስቱ ጥላው ከሄደች ወዲህ ቤቱ ውስጥ በእርግጥ ማንም የለም። ድንጋዩ ዓይኑን መታው።

ከዚያ ቀን ጀምሮ እንቅልፍ የለ፣ እረፍት የለ። የአለትን የድምፅ መልእክቶች አንድ ባንድ ለቃቅሞ ፕሮግራሙን አበላው። ከዚያ ሁለት ቅጂዎች ሸንጎው ላይ ለጠፈ። በሁለቱም የአለት ድምፅ፣ "ሰላም ናችሁ? እኔ ደህና ነኝ፣ አትስጉ" ይላል። አንዱን የተናገረው ራሱ አለት ነው፣ ድሮ በላከው መልእክት፤ ሌላውን ማሽኑ። "እስቲ ለዩ" አለ ፊውዝ። አብዛኛው ሰው ማሽኑን አለት ነው አለ። ጉድ የተባለው ግን ራሱ አለት ሲመጣ ነው። ሁለቱንም አዳምጦ፣ "የመጀመሪያው እኔ ነኝ" ብሎ ጻፈ። የመጀመሪያው ማሽኑ ነበር።

አለት በዚያው ተቀበረ። መነጽር ሠሪው እንደዚያን ጊዜ አምሮለት ጽፎ አያውቅም።

"ሄሎ?" አለች ሴትየዋ። "አለህ?"

"እህቴ" አለ። "እህቴ፣ ስሚኝ። ወንድምሽ አልሞተም።"

መተንፈሻ ሳይሰጣት ቀጠለ።

"ጨዋታ ነው። የመድረኩ ጨዋታ ነው። የተረታ ሰው ሞተ ይባላል። እንዲያው ደንብ ነው እንጂ…"

"ጨዋታ?" አለች ቀስ ብላ። "እኔ እኮ ጠይቄያለሁ። እዚያው ከጽሑፉ ሥር፣ 'እህቱ ነኝ፣ እውነት ነው ወይ?' ብዬ ጠይቄያለሁ። ሁላችሁም አጽናናችሁኝ። አንተ ራስህ መልሰህልኛል!"

መነጽር ሠሪው ትዝ አለው። ትናንት አንዲት እንግዳ አባል፣ እህቱ ነኝ ብላ ጽፋ ነበር። ሸንጎው አዲስ ሰው ቀልዱን ተቀላቀለ ብሎ ነው የተቀበላት። ወይዘሮ ራውተር የምትባለዋ ነገረኛ፣ "እግዜር ያጽናሽ፣ ሁላችንም እህቶቹ ነን" ብላታለች። እሱ ደግሞ እንዳይስቅ ከንፈሩን ነክሶ፣ "አዎን እህቴ፣ እውነት ነው። በርቺ" ብሎ ጽፎላታል። በራሱ ጣት።

"ስልኩ ዝግ ነው" አለች ሴትየዋ። "ስደውል ስደውል ዝግ ነው። ስለዚህ ለእናቴ ነገርኳት። ሰማኸኝ? ለእናቴ ልጅሽ ሞተ ብያታለሁ። ከትናንት ጀምሮ እህል አልቀመሰችም። ቤቱ በለቀስተኛ ተሞልቷል። ጎረቤቷ 'ልቧ ይቆማል ብዬ ፈራሁ' ትለኛለች። አሁን አንተ ጨዋታ ነው ትለኛለህ?"

"ድምፁን አሰማሻለሁ። ሄጄ አገኘውና አሰማሻለሁ።"

"አምጣዋ" አለች። "አምጣና አሰማኛ።"

መነጽር ሠሪው የአለትን ስምም አድራሻም አያውቅም። የሚያውቅ አንድ ሰው ቢኖር የሸንጎው ሊቀመንበር ነው፤ ባለፈው ለአባላቱ ሁሉ የሸንጎው ስም የታተመበት ኩባያ በየአድራሻቸው ልኮላቸዋልና። ደወለለት።

"ሟች የሚቀሰቀሰው ሳምንቱ ሲያልቅ ነው" አለ ሊቀመንበሩ እያዛጋ። "ደንብ ደንብ ነው ወንድም ፊውዝ። አንተ ራስህ ደግፈህ አይደል ያጸደቅነው?"

"እናቱ ልትሞት ነው አልኩህ፤ የምሯን!"

"አሪፍ ተጫወትክ። እንዲህ ያለውን ሌላ ሰው አይሞክረውም።"

"ኧረ በእናትህ!" ብሎ ጮኸ መነጽር ሠሪው። መነጽር ሊገዙ የገቡ ባልና ሚስት ደንግጠው ወጡ። "በእናትህ አልኩህ! በቁሟ የምታለቅስ እናት አለች፣ ሰውየው የት ነው የሚኖረው?"

ሊቀመንበሩ አሁን ሲናገር ድምፁ ተለውጧል። "ዳቦ ቤት ነው ኩባያውን የላክሁለት" አለ። "ጋጋሪ ነው።"

ዳቦ ቤቱ ከአውቶቡስ ጣቢያው ጀርባ፣ ጎማ ከሚጠግኑት አጠገብ ነው። መነጽር ሠሪው ሽርጡን ሳያወልቅ ነበር የደረሰው። ሻጯን ሳያናግር የመጋዘን መሳይዋን የኋላ ክፍል በር ገፍቶ ገባ። የምድጃው ሙቀት ፊቱን መታው። ሊጡን የሚያቦካው ማሽን እየተጎተተ ይዞራል። መንኮራኩር ባለው መደርደሪያ ላይ በተደረደሩት ትሪዎች መሀል አንድ ቅንድቡ ሳይቀር ዱቄት የለበሰ ቀጭን፣ አጭር ሰው ቆሞ ሊጥ እየቆረጠ ይመዝናል። መነጽር ሠሪው ሁልጊዜ አለትን ሲያስበው የበር ያህል ሰው ነበር።

"አለት?" አለ።

ሰውየው ቀና ብሎ ሽርጡን፣ ደረቱ ላይ የተንጠለጠለውን የመነጽር ጠርዝ መለኪያ አየ። ፈገግ አለ፤ መራራ ፈገግታ ነው።

"አይ ፊውዝ! መቃብሬን ልትጎበኝ መጣህ? አበባውስ የታለ?"

ያ ጎርናና ድምፅ ከዚያች ትንሽ ገላ ሲወጣ መነጽር ሠሪው ተሳቀቀ፤ ለአፍታ ማሽኑ የተናገረ መሰለው። ከዚያ እየተንተባተበ ነገረው። እህቱ እንዳነበበች፣ እንደጠየቀች፣ ማን ምን እንደመለሰላት። ለእናቱ እንደተነገረ።

ጋጋሪው በእጁ የያዘውን ሊጥ አላስቀመጠም። ጨመቀው። ሊጡ በጣቶቹ መሀል እየወጣ መሬት ላይ ተንጠባጠበ።

"ማታ ማታ ነው የምደውልላት" አለ፤ ለራሱ እንደሚያወራ ሰው። "ምድጃውን ዘግቼ፣ ሳልበላ። ይሄን ሳምንት ግን፣ 'እማ፣ ሥራ ስለበዛብኝ አልደውልም' አልኳት። በሸንጎ ክርክር ተሸንፌ ስልክ ዘጋሁ ይባላል እንዴ? አፍሬ ነው።" ቀና አለ። "ስልክህን አምጣ።"

ለእህቱ ደወለላት። መነጽር ሠሪው ሁለቱም እንዲሰሙ ድምፁን ከፍ አድርጎ ከፈተው።

"እኔ ነኝ" አለ ጋጋሪው። "አለሁ። እኔ ነኝ፣ ደህና ነኝ።"



"ይሄንንስ ሰምቼዋለሁ" አለች እህቱ። "ደህና ነኝ፣ አትስጉ። ይሄንኑ ነው ያ ማሽን ያለው። ሊንኩን ራሱ ወንድሜ ነው የላከልኝ፣ 'እስቲ አንቺ ለዪኝ' ብሎ። ሁለቱንም ሰማሁ። የተኮረጀው ነው ወንድሜ የመሰለኝ። እኔ፣ አብሬው ያደግሁት! ከእንግዲህ ጆሮዬን አላምነውም።"

"እህት ዓለም፣ በናትሽ…"

"ከሆንክ አንድ ነገር መልስልኝ። ልጆች ሆነን ከጣራው የወደቅክ ለት ማን ነው ያነሣህ?"

"አባባ ነዋ!" አለ ጋጋሪው ሳያመነታ። "አባባ ነው ያነሣኝ፣ በትከሻው ተሸክሞ…"

"እኔ ነኝ ያነሣሁህ!" ብላ ጮኸች። ከዚያ ድምፅዋ ተሰበረ። "እኔ ነኝ ያነሣሁት ወንድሜን። አንተ አውሬ፣ መሞቱ አይበቃህም? በል እናቴ ጋ እንዳትደውል። እነግራታለሁ። በልጇ ድምፅ የሚደውል ማሽን አለ ብዬ እነግራታለሁ።"

ተዘጋ።

ጋጋሪው ስልኩን ትኩር ብሎ አየው። "አባባ ነው ያነሣኝ" አለ። "ሸሚዙን አስታውሰዋለሁ።"

ወዲያው የእናቱን ቁጥር መታ። ደጋግሞ ቢደውል ተይዟል፤ እህቱ ቀድማዋለች። በመጨረሻ ጠራና አንዲት ሌላ ሴት አነሣችው። ጋጋሪው "ልጇ ነኝ፣ እማን ስጪኝ" ከማለቱ፣ ሴትየዋ "ወግድ! ወግድ ከዚህ! አንተን ብሎ ልጅ!" ብላ ጆሮው ላይ ዘጋችው። ደግሞ ሲሞክር ስልኩ ጠፍቷል።

ሁለቱ ሰዎች ተያዩ። በዚያች ቅጽበት የሁለቱም ፊት አንድ ዓይነት ነበር። ክርክር ያሸነፈም የተሸነፈም ሰው ፊት አይመስልም።

"መኪና አለህ?" አለ ጋጋሪው።

"አለች። ግን አሮጊት ናት።"

"እናቴም አሮጊት ናት። ተነሥ።"

እናቱ የምትኖረው ጠፍ መሬት ተሻግሮ ባለች ትንሽ ከተማ ነው። መኪናዋ ዳገት ላይ ትንፋሿ ይቆራረጣል፤ ቁልቁለት ላይ በሯ ይንገጫገጫል። ጋጋሪው ዱቄቱን ሳያራግፍ መስኮቱን ከፍቶ ተቀምጧል፤ ነፋሱ ዱቄቱን እያቦነነ መነጽር ሠሪው ላይ ያራግፋል። 

"ድምፄን ከየት አመጣኸው?" አለ በመጨረሻ ጋጋሪው።

"ከላክሃቸው። ስትሰድበኝ ጥርት አድርገህ ነው የምትናገረው። ለመቅዳት ይመቻል።"

ጋጋሪው ሊስቅ ጀመረና አፉ ላይ ቀረ። "ቤትህ ሰው የለም ያልኩህን ጨምረኸዋል?"

"መጀመሪያ ያስገባሁት እሱን ነው።"

ጋጋሪው ዞሮ አየው። የመነጽር ሠሪው መንጋጋ ሲንቀሳቀስ አየና ሁሉም ነገር ገባው። ዓይኑን ወደ መንገዱ መለሰ። "ዝም ብዬ ነው እኮ ያልኩት" አለ። "ሰው ሲናደድ ያገኘውን አይደል የሚወረውር።"

"አውቃለሁ። አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም።"

"እሷ ግን ትለየኛለች" አለ ጋጋሪው፤ ዳሽቦርዱን በመዳፉ መታ። "በስልክ ላይሆን ይችላል። ፊት ለፊት ቆሜ ስናገር ትለየኛለች። እናት ናት።"

መነጽር ሠሪው ልማድ ሆኖበት መልሱን አዘጋጅቶ ነበር። አፉ ድረስ የመጣውን ዋጠው። በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ በዚህ ክርክር ተሸናፊ ለመሆን ጸለየ።

ሲደርሱ የግቢው በር ወለል ብሎ ተከፍቷል። ከየቤቱ የተሰበሰቡ የማይመሳሰሉ ወንበሮች ግድግዳውን ተደግፈው ተሰልፈዋል፤ ጥቁር የለበሱ ሰዎች ተቀምጠውባቸዋል፤ አንዳንዱ አጎንብሶ ያንሾካሹካል፣ አንዳንዱ ስልኩን ይነካካል። ጋጋሪው እንደ ነጭ ጥላ ከነዱቄቱ ገባ።

መጀመሪያ ያየችው የውኃ ብርጭቆ የምታድል ሴት ናት። ትሪው ከእጇ አመለጠ። የብርጭቆው ስባሪ ሳይረግብ ጩኸቱ ግቢውን ሞላው። አንዱ ሽማግሌ ወንበራቸውን እንደ ጋሻ ይዘው ወደ ኋላ አፈገፈጉ። "ኧረ ሰው ነው! ሰው ነው፣ ጥላ አለው!" አለ አንዱ፤ ሌላው "ዱቄት ነው፣ ዳቦ ቤት አይደል የሚሠራው?" አለ። አንዲት ሴት በእርግጥ ሰው መሆኑን ለማረጋገጥ ክንዱን ቆነጠጠችው። ጋጋሪው ግን ማንንም አላየም። እየተደነቃቀፈ ወደ ውስጥ ገባ፤ መነጽር ሠሪው ተከተለው።

እናቲቱ ከአልጋዋ ጠርዝ ተቀምጣለች። ጀርባዋን ለበሩ ሰጥታለች፤ ፊት ለፊቷ ወንበር ላይ የልጇ ፎቶ ተደግፏል። ውጭ የሚጮኸው ሁሉ አዲስ ለቀስተኛ መስሏት አልዞረችም።

"እማ" አለ ጋጋሪው።

ትከሻዋ ሽምቅቅ አለ። ራሷን ሳታቀና፣ በደከመ ድምፅ፣ "ዝጉት አላልኳችሁም?" አለች። "ያን ስልክ ዝጉልኝ። በልጄ ድምፅ አታጫውቱብኝ።"

መነጽር ሠሪው በሩ ላይ ደርቆ ቀረ። ጋጋሪው ግራ ገብቶት ወደ እሱ ዞረ። ጎርናናው ድምፁ፣ ከዚያች ገላ የሚበልጠው ድምፁ፣ ጥቅም አልነበረውም።

"እማ፣ እኔ…"

"ዝጉት!" አለች፤ ጆሮዋን በሁለት እጇ ደፈነች።

ያን ጊዜ ጋጋሪው መናገሩን ተወው። ዞሮ ፎቶው ፊት፣ ጉልበቷ ሥር ተንበረከከና ሁለት እጆቹን ጭኗ ላይ አኖረ። የደረቀ ሊጥ የተጋገረባቸው፣ የምድጃ ጠባሳ ያለባቸው እጆች ናቸው። እናቲቱ መጀመሪያ እጆቹን አየች። አንዱን አንሥታ ገለበጠችው። ወደ አፍንጫዋ አስጠጋችው። ከዚያ ፊቱን ዳሰሰች፤ ቅንድቡን፣ ጆሮውን፣ አገጩን፤ ዱቄቱ ጣቷ ላይ ቀረ። ስትጮህ ድምፅ አልወጣትም፤ አፏ ብቻ ተከፈተ። ከዚያ በጥፊ መታችው። ደግሞ መታችው። ለሦስተኛ ጊዜ ስታነሣው እጇ በአንገቱ ላይ ወደቀና እዚያው ቀረ።

ውጭ ያሉት ለቀስተኞች በበሩ ተጠጋግተው እልል ይበሉ ያልቅሱ አልገባቸውም፤ ሁለቱንም አደረጉ።

እናቲቱ ቀስ በቀስ ሰከነች። ግድግዳውን ታክኮ የቆመውን እንግዳ ያየችው ያኔ ነው።

"ይሄ ማነው?"

ጋጋሪው ሊናገርበት አልፈለገም።

"እኔ ነኝ የጻፍኩት" አለ መነጽር ሠሪው። "እማማ፣ ይቅርታ ልልዎ ነው የመጣሁት። እኔ ነኝ።"

ይሰድቡኛል፣ ይረግሙኛል ብሎ ራሱን ደፋ። እናቲቱ ግን ለረጅም ጊዜ አየችው።

"ጥሩ ጽፈሃል" አለች። "አስነብቤዋለሁ። ስለ ልጄ እንደዚያ ያለ መልካም ነገር ሲነገር ሰምቼ አላውቅም። ሰው ሲሞት ነው እንዲህ የሚባለው ብዬ ለዚያም አልቅሼ ነበር።" ድምፅዋ ውስጥ ቁጣ የለበትም። ይህ ነው መነጽር ሠሪውን የሰበረው።

ጎረቤቷ ጠፍቶ የነበረውን የእናቲቱን ስልክ መልሳ ከፍታው ኖሮ ጮኸ። "ልጅሽ ናት!" አለች እየሮጠች። "ከባሕር ማዶ ናት። ሁሉን ነግሬያታለሁ፣ እንኪ አናግሪያት፣ ደስታ እየገደላት ነው!"

"እማ!" የሚል ድምፅ ከስልኩ ፈሰሰ። "እማ፣ እውነት መጥቷል? እማ፣ ነይ አናግሪኝ፣ ይቅር በይኝ፣ እኔ እኮ…"

እናቲቱ ስልኩን በመዳፏ ይዛ አየችው። ጆሮዋ ላይ አላደረገችውም። እንደማታውቀው ዕቃ፣ ገልብጣ ጀርባውን አየች። ከዚያ ዓይኗን ወደ መነጽር ሠሪው አነሣች።

"አንተ ታውቃለህ" አለች። "ይቺስ ማን ናት?"

"ልጅዎ ናት፣ እማማ።"

"በምን አወቅህ?"

መነጽር ሠሪው አፉን ከፈተ። ያቺን ሴት በዓይኑ አይቷት አያውቅም። ከእሷ የሚያውቀው ድምፅዋን ብቻ ነው። ጠዋት ሲያናግራት እሷ መሆኗን ያመነው ስለነገረችው ብቻ ነው። መልስ ፈለገ፤ ከዚህ በፊት በክርክር ቃል አጥቶ አያውቅም። አሁን ግን ወደ ጋጋሪው ዞረ።

"እማ፣ እኔ ነኝ!" ይላል ድምፅዋ ከስልኩ። "እማ፣ አትሰሚኝም?"

"እሷ ናት እማ" አለ ጋጋሪው። "እህቴ ናት፤ እመኚኝ።"

"አንተስ ብትሆን ትለያለህ?" አለችው እናቱ፣ ጉንጩን በመዳፏ እየያዘች። "የገዛ ራስህን ድምፅ ስተሃል አሉኝ። ልጄ ከሆነች የወለድኳት ልጅ ናት፤ ቤቷን ታውቀዋለች። ትምጣና ልያት።"

ስልኩን በፊቱ አልጋው ላይ ደፋችው። ብርድ ልብሱ ውስጥ የታፈነው ድምፅ እየጠራት ቆየ። ማንም ሊያነሣው አልደፈረም።